ሁለቴ የወረደ ሞተር፦ የአንዲት ያማሃ ዲቲ 175 የጉዳይ ጥናት

ጥቅምት 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ነበር። መጀመሪያ ጉልበቷ ቀነሰ። ቀጥሎ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ የሚያወጣውን ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የኋላ ጎማው ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመና አስፋልቱ ላይ ተንሸራተተ። ፍሪሲዮኑን ጨበጥኩና እየተንገዳገድኩ ዳር ያዝኩ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ቆም ብለው "እግዜር አወጣህ" አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሞተር ነከሰ ማለት ይሄ ነው። ፒስተኑ ከልክ በላይ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ያናደደኝ ግን መንከሱ አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ ችግር ሞተር አስወርጄ፣ አዲስ ፒስተን አስገብቼ፣ ሒሳቤን ዘግቼ ነበር።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኛ "ሞተር" የምንለው ሁለቱንም ነው፤ የምንጋልባትንም፣ ሆዷ ውስጥ ያለውንም። እዚህ ላይ "ሞተር" ስል የሆዷን ነው። እሷን ያማሃዋ እላታለሁ።

ያማሃዋ ዲቲ 175 ናት። ለጭቃና ለኮረኮንች የተሠራች፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ባለ ሁለት ምት። የሲሊንደሯ ስፋት 66 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 50 ሚሊሜትር ነው። ስታሰሉት 171 ሲሲ ይመጣል። የገዛኋት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ነው። ያማሃ ኦቶሉብ የሚለውን ዘይት የሚመግበውን ፓምፕ ከእኔ በፊት የነበሩት ነቅለው ጥለውታል። ስለዚህ ዘይቱን ቤንዚኑ ውስጥ በእጄ እቀላቅላለሁ።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የሞተር ሳይክል እገዳ ሲመጣ ያማሃዋ ሸራ ለብሳ ግቢያችን ውስጥ ቆመች። መሥሪያ ቤታችን ፈቃድ አውጥቶ እንደገና እስክትነሳ አምስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ብቻ ቀርቷት ነበር። ቤንዚን ቀየርኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡራቶር አጠብኩ። በስድስተኛው ርግጫ ተነሳች። ጎረቤት ሁሉ አጨበጨበ። ይህችን የመቆሚያ ዘመን ያዙልኝ፤ ጉዳዩ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

እስከ መስከረም ድረስ ደህና ሄደች። ደህና የምለው ምልክቶቹን ማንበብ ስላላወቅኩ ነው እንጂ ስትነግረኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቾክ ካልተሳበላት አትሠራም፤ ከሞቀችም በኋላ ቾኩን መልሼ ሳስገባው ትጠፋለች። ጋዝ ስለቅላት ድምጿ ቶሎ አይወርድም። መብራት ላይ ቆሜ፣ እጄን አንስቼ፣ እሷ ብቻዋን ትጮሃለች። የጎን መኪና ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ቸኩለሃል እንዴ?" ብሎኝ ያውቃል። ካንዴላዋን ስፈታ ደግሞ ጫፉ እንደ ኖራ ነጭ ነበር። እኔ ንጹሕ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

መስከረም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነከሰች። ለሰፈራችን ሜካኒክ ሰጠኋት። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ጭንቅላቱን ፈታ፣ ሲሊንደሩን አወጣ፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ወደ 66.25 አሰፋው፣ በልኩ ፒስተንና ፋሻ ገዛ፣ ጋስኬት ቀየረ፣ ገጠመ። ፋሻ የምንለው ፒስተኑ ላይ የሚታሰረውን የብረት ቀለበት ነው። ሁለት ቀን ፈጀበት። ስለ ጩኸቷ ስነግረው "ካርቡራቶር ነው" አለና የሚኒሞዋን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ አዞረው። ጩኸቱ ለጊዜው ቀነሰ። ሁለታችንም ተደሰትን።

ከዚያ እንጦጦ ላይ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

ሁለተኛው ጋራዥ ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ድሮ የሚሠሩት ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ወደ ታች ወረዱ። አሁን ያላቸው ቦታ ያማሃዋን አስገብቶ በሩን ለመዝጋት እንኳ አይበቃም።

ያማሃዋን ከጭነት ስናወርድ ቁልፍ አላነሱም። ጠየቁኝ።

"ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ?"

"ዳገት ላይ ነው ጋሼ። እንጦጦ።"

"እንግዲያውስ ካርቡራቶር አይደለም።"

ለምን እንደሆነ ካስረዱኝ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ካርቡራቶሩ ግን የሚሰጠውን ቤንዚን በዚያ ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ወደ ላይ ስትወጡ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ያጨሳል፣ ጉልበት ያጣል እንጂ ከቤንዚን ማነስ የተነሳ ግሎ አይነክስም። "መተሐራ ወርደህ ነክሳ ቢሆን ጂግለሩን እጠረጥር ነበር" አሉኝ። መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ለአዲስ አበባ አየር የተቀነሰ ጂግለር ይዞ እዚያ መውረድ ያቃጥላል። ጂግለር የቤንዚኑን መጠን የምትወስነው ባለ ቀዳዳ ናስ ናት።

ታዲያ ቤንዚን መብዛት በነበረበት ቦታ ላይ እንዴት አነሰ? በካርቡራቶሩ በኩል ያላለፈ አየር ከሌላ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ሞተር አይተነፍስም። ቤንዚንና አየሩ በቀጥታ ወደ ላይ አይሄድም። መጀመሪያ ከፒስተኑ በታች፣ ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርበት ክፍል ውስጥ ይገባል። ፒስተኑ ሲወርድ እዚያ ይጨመቃል፤ ከዚያ በጎን መስኮቶቹ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ታችኛው ክፍል ሳንባዋ ነው። ያንን ሳንባ ከውጭ አየር የሚለዩት በክራንክሻፍቱ ሁለት ጫፍ ላይ ያሉ ሁለት የጎማ ማገጃዎች ናቸው፤ ኦይል ሲል የምንላቸው። የቀኙ ከፍሪሲዮኑ በኩል ነው። እሱ ሲያረጅ የማርሽ ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ነጭ ጭስ ስለሚወጣ ማንም ያውቀዋል። የግራው ከማግኔቱ በኩል ነው። እሱ ሲያረጅ የሚገባው ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ጭስ የለው፣ ጠብታ የለው። ዝም ብሎ ይገድላል። ቤንዚኑ በአየር ሲሳሳ ዘይቱም አብሮ ይሳሳል፤ በእኛ አቀላቀል ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነውና።

"ግምት ነው እስካሁን" አሉ ጋሼ። "እንለካዋለን።" ከዚያ እህቴ ምን እንደምትሠራ ጠየቁኝ። እህቴ ነርስ መሆኗን ከየት ሰሙ እያልኩ ሳስብ፣ ለካ የሚመጣውን ሁሉ ይጠይቃሉ። የፈለጉት የደም ግፊት መለኪያ ነው።

ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲፈተሽ የሚሞላው ግፊት 0.4 ባር አካባቢ ነው። ይህ በደም ግፊት መለኪያው 300 ነው፤ ሰዓቷ የምታሳየው የመጨረሻው ቁጥር። ለዚሁ ሥራ የተሠራ መሣሪያ ውጭ አገር ይሸጣል፤ ጋሼ ግን ለአርባ ዓመት የሠሩት በዚህች ነው። የእሳቸው ጎማ ቀዳድዶ ስለነበር የእህቴን በልመና ተዋስኩ።

የተበላሸውን ሲሊንደር መልሰው ገጠሙት፤ ለፍተሻ ይበቃል። የማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ ከከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማና በላሜራ ደፈኑት። በካርቡራቶሩ ቦታ ቱቦ ያለው ውታፍ አስገቡ። የማግኔቱን ክብ ብረት በመንቀያ አወጡና ኦይል ሲሉ በዓይን እንዲታይ አደረጉ። ከዚያ እኔ ፊኛዋን ጨመቅኩ። 100፣ 200፣ 300። እጄን ከማንሳቴ መርፌዋ መውረድ ጀመረች። በግማሽ ደቂቃ ከ120 በታች ገባች። ጋሼ የመላጫ ብሩሽ የሳሙና ውኃ ውስጥ ነክረው በግራው ኦይል ሲል ዙሪያ ቀቡ። አረፋው እንደ ጠላ ፈላ።

ምንም አልተናገሩም። ብሩሹን አቀበሉኝና እኔም እንድቀባ አደረጉኝ።

አምስት ዓመት የቆመ ጎማ ይደርቃል፤ ከንፈሩ እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል። ዘንጉ ሲዞር ተከትሎት አይጠጋም። እገዳው ያማሃዋን ከመንገድ ሲያወጣት የጎዳው እግሬን ብቻ ነው ብዬ ነበር።

አሁን ፒስተኑን ማየት ትርጉም አገኘ። ጋሼ ለጀማሪዎቻቸው ፒስተን የሚያስነብቡት እንደ ዳዊት ነው። ጭረቱ በቤንዚን መግቢያ በኩል ብቻ ከሆነ የዘይት እጥረት ነው። በአራት ማዕዘን፣ ማለትም በዙሪያው አራት ቦታ ላይ ከሆነ ሳይሞቅ የተጋለበ ወይም ክፍተቱ የጠበበ ነው። በማርሚታው በኩል ከሆነ ሙቀት ነው። የእኔ በማርሚታው በኩል ተልጦ፣ አሉሚኒየሙ ፋሻው ላይ ተለስኖ ነበር። በማዕዘኖቹ ላይም ቀላል ጭረት ነበረው። ያልተጎዳውን የሲሊንደር ጎን ሲለኩት በፒስተኑና በግድግዳው መካከል የቀረው ክፍተት 3 መቶኛ ሚሊሜትር ሆነ። ጠበብ ያለ ነው። "ይህ አልገደላትም" አሉ፤ "ግን አፋጥኗል።" በዚህ ነጥብ ላይ ከእሳቸው ጋር ትንሽ አልስማማም። ማዕዘኖቹ ላይ የነበረውን ሳይ ድርሻው ከማፋጠን በላይ ይመስለኛል። ኦይል ሲሉ ዋናው መሆኑን ግን አረፋው አሳይቶኛል።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ወረደ። ሁለት ጊዜ የነከሰ ሞተር ውስጡ የአሉሚኒየም ብናኝ አለ፤ ያ ብናኝ መጨረሻው ኩሽኔታ ውስጥ ነው። ሁለቱ ዋና ኩሽኔታዎች በእጅ ሲዞሩ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻሉ። ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ፣ ቢየላውን፣ በላይኛው ጫፉ ይዘው ወደ ጎን ሲያወዛውዙት ከ2 ሚሊሜትር በላይ ተንቀሳቀሰ። አዲስ ሲሆን 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ 2 ካለፈ መቀየር አለበት።

ዕቃ ፍለጋው ላይ ብዙ አልቆይም። ኦይል ሲልና ኩሽኔታ ሱማሌ ተራ ተገኘ። ኩሽኔታው ላይ ሲ3 የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳላይ እንዳልከፍል አስጠንቅቀውኝ ነበር። ውስጡ ትንሽ ላላ ያለ፣ ሲሞቅ የማይጨናነቅ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሱቅ "ያው ነው" ብሎኝ ነበር። ያው አይደለም። የቢየላው ኪትና ፒስተኑ ግን አልተገኙም፤ ከዱባይ በሚመጣ ሰው አስመጣሁ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ።

ክራንክሻፍቱ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ሁለት ከባድ ክብ ብረቶች አሉ፤ በመሐላቸው አንድ ፒን በኃይል ተጨምቆ ገብቷል። ቢየላውን ለመቀየር በፕሬስ ይለያያል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጨመቃል። ሲጨመቅ ግን ሁለቱ ጫፎች በትክክል አንድ መስመር ላይ አይመጡም። ጋሼ ቶርኖው ላይ በሁለት ጫፍ አስቀምጠው፣ ዳያል ጌጅ አስጠግተው አዞሩት። መርፌዋ 12 መቶኛ ሚሊሜትር ተወዛወዘች። የሚፈለገው ከ3 የማይበልጥ ነው። ከዚያ የመዳብ መዶሻ አነሱ። በየት በኩል እንደሚመታ በኖራ ምልክት አደረጉ፣ አንዴ ጠበቅ አድርገው መቱ፣ አዞሩ፣ አዩ። ደግመው መቱ። እኔ በየምቱ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከ12 ወደ 7፣ ከ7 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 4። መጨረሻ ላይ 2 ላይ ቆመ። "2 ይበቃል፤ ዜሮ ብሎ የሚመታ ሰው ያበላሸዋል" ብለው መዶሻውን አስቀመጡ። ጥገናው ውስጥ ገንዘብ የማይገዛው ሥራ ይህ ነበር።

ኩሽኔታው የሚገባበት መንገድ ደግሞ አሳቀኝ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት የበለጠ ይሰፋል። ስለዚህ የሞተሩ ቤት ይሞቃል፣ ኩሽኔታው ይቀዘቅዛል። ኩሽኔታዎቹ ጎረቤት ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ከአይስክሬሙ ጋር አደሩ። የሞተሩ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ተጣደ። ጋሼ ውኃ ጠብ አድርገው ሲንጫጫ "ደርሷል" አሉ። ኩሽኔታው ያለ መዶሻ፣ በራሱ ክብደት ጠብ ብሎ ገባ። ምጣዱ እንጀራ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ወደ ሲሊንደሩ እንመለስ፤ የመጀመሪያው ጥገና ሌላ ጉድለት የታየው እዚያ ነው። የዚህች ሲሊንደር ውስጡ የብረት ሽፋን ስላለው በቶርኖ ማስፋት ይቻላል። ውስጡ በኒኬል የተለበጠ ሲሊንደር ቢሆን ማስፋት አይቻልም ነበር። የአሁኑ ልክ 66.50 ነው። ጋሼ ፒስተኑ እጃቸው እስኪገባ ድረስ ሲሊንደሩን ወደ ቶርኖ ቤት አልላኩም። ካርቶኑ ላይ 66.50 ተጽፏል ማለት ፒስተኑ በትክክል ያ ነው ማለት አይደለም። ፒስተኑን በማይክሮሜትር ለክተው፣ 5 መቶኛ ክፍተት ጨምረው፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። ማለዳ ላይ፣ ሁለቱም ዕቃዎች አንድ ክፍል ውስጥ ካደሩ በኋላ። የሞቀ ብረት ልኩን ይዋሻል።

ቶርኖ ቤቱ የለመደው የመኪና ሲሊንደር ነው። የመኪና ሲሊንደር ግድግዳው ድፍን ነው። የእኛ ግን መስኮቶች አሉት። ሲሊንደር በሰፋ ቁጥር የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይሳላል። ፋሻው በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እዚያ ላይ ያልፋል፤ ወጣ ሲል ጠርዙ ይይዘዋል። የድሮውን ፋሻ ሳየው ጫፉ በጥቃቅኑ ተሸራርፎ ነበር። ጋሼ አንድ ሙሉ ከሰዓት በትንሽ ሞረድና በድንጋይ የእያንዳንዱን መስኮት ጠርዝ አለዘቡ። ከዚያ ግድግዳው ዘይት እንዲይዝ ተሻጋሪ ጭረት ተሰጠው። ጣቴን አስገብቼ ዳሰስኩት። ፊተኛው ቢሆን ይቆርጠኝ ነበር።

ፋሻው ውስጥ ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት ሲለካ 0.35 ሚሊሜትር መጣ። ጥሩ ነው። ከዚያ መገጣጠሙ በግማሽ ቀን አለቀ። አዲሶቹ ኦይል ሲሎች ከንፈራቸው ዘይት ተቀብቶ ገቡ። ካርቡራቶሩ ከመገጠሙ በፊት የእህቴ መለኪያ እንደገና ወጣች። 300 ሞላሁ። ስድስት ደቂቃ በስልክ ቆጠርን። መርፌዋ 290 ላይ ቆመች። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና አዘዙልኝ።

አነሳሷ በሁለተኛው ርግጫ ነበር። ሦስት ጊዜ አስነስተን፣ አሙቀን፣ ሙሉ በሙሉ እስክትቀዘቅዝ ጠበቅን። ለማላመጃው ዘይትና ቤንዚን 1 ለ32 ሆነ፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር ገደማ። በሲሪንጅ እለካዋለሁ። ዘይቱ ጃሶ ኤፍዲ የሚል እንዲሆን ተነገረኝ፤ በውኃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራው ቤንዚን ውስጥ ቢገባም ለዚህች አይሆንም። እስከ 500 ኪሎ ሜትር ጋዙን ከግማሽ እንዳላሳልፍ፣ ዳገት ላይ እንዳላስጨንቃት፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጋዝ ዘግቼ በማርሽ ብቻ እንዳልወርድ። ጋዝ ሲዘጋ ቤንዚን አይገባም፤ ቤንዚን ካልገባ ዘይት የለም።

ጩኸቷ ጠፋ። ጋዝ ስለቅ ወዲያው ትወርዳለች። ካንዴላዋን በ200 ኪሎ ሜትር ስፈታ ቀለሙ ማኪያቶ ሆኗል። ጋሼ ያሉኝ ቀለም ነው።

ወጪው? ለሁለተኛው ጥገና የከፈልኩት ለመጀመሪያው ከከፈልኩት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ትልቁን የበላው ቢየላና ፒስተን ነው። ሁለቱ ኦይል ሲሎች ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ ሦስት እጅ አይሞሉም። መስከረም ላይ፣ ገና መጀመሪያ ስትነክስ፣ ግፊቷ ተለክቶ ቢሆን ቢየላውና ኩሽኔታው ምናልባት ይተርፉ ነበር። የሰፈራችንን ልጅ አግኝቼ ነገርኩት። አልተቆጣም፣ ገንዘብም አልመለሰም። "ኦይል ሲል እኮ አይታይም" አለኝ። ከዚያ ፊኛዋ የት እንደምትሸጥ ጠየቀኝ። ፋርማሲ አልኩት። የእህቴ ቤንዚን ቤንዚን ስለሸተተች ጋሼ ጋ ቀርታለች፤ ለእህቴ አዲስ ገዝቼላታለሁ።

አሁን 1,140 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። እንጦጦን አራት ጊዜ ወጥታለች። አንድ የቀራት ነገር አለ፤ በመርገጫዋ ዘንግ በኩል ሌሊት ሌሊት አንዳንድ ጠብታ የማርሽ ዘይት ትጥላለች። ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። "አየር ነው ዘይት?" አሉኝ። ዘይት ነው አልኳቸው። "እንግዲያውስ ካርቶን አንጥፍላት፤ ክረምት ሲገባ እናየዋለን።"